ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለዋን) ለመግዛት አትሩጡ
ጠዋት ሲቀዘቅዝ ሚኒሞ ላይ (በዝግታ ሲዞር) የሚጠፋ ጀነሬተር ያላችሁ፣ እስቲ ይቺን ስሙኝ።

ዛሬ ሐዋሳ መብራት ሄዶ አቶቴ ሰፈር፣ አጎቴ ሱቅ ነበርኩ። ትንሿ ጀነሬተር ትነሳለች፣ ቾኩ (ለማስነሻ የሚሳበው) ሲመለስ ትንተፋተፋለች፣ ከዚያ ጭጭ! ኢኮ የሚለውን ማብሪያ (ጭነት ሲቀንስ ሞተሩን በዝግታ የሚያዞረውን) ስናጠፋው ግን ትሠራለች። ከሞቀች በኋላማ ምንም አይላት። አጎቴ «ካንዴላው ነው» ብለው ሙጭጭ አሉ። ካንዴላው ቢሆን ኖሮ ጭነት ሲበዛባትም አብዛኛውን ጊዜ መንተፋተፏ አይቀርም።

ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚኑ በደንብ ስለማይተን ወፈር ያለ (ቤንዚን የበዛበት) ድብልቅ ይፈልጋል። ቾኩ አየሩን የሚያፍነው ለዚህ ነው። በዝግታ ስትዞር ደግሞ ቤንዚን የሚደርሳት ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ውስጥ ባለች ፀጉር በምታክል ቀዳዳ ነው። ጀነሬተር ቤንዚን እንደያዘ ለወራት ሲቆም ቤንዚኑ ሙጫ ነገር ይተዋል፤ ቀዳዳዋ ትጠባለች። የሚያልፈው ቤንዚን ለሞቀ ሞተር ይበቃል፣ ለቀዝቃዛ አይበቃም።

ካርቡሬተሩን ስንፈታ ከሥር ቢጫ ዝቃጭ ተጋግሯል። በማጽጃ ስፕሬይ አጠብን፣ በኮምፕሬሰር ነፋን። አጎቴ ቀዳዳዋን በሽቦ ሊጎረጉሩ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ፤ አንዴ ከሰፋች መልሶ ማጥበብ የለም።

ቆይተን ሞተሩ ሲበርድ አስነሳናት። ቾኩን ቀስ ብለን መለስን። ሚኒሞ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። (ውጭ ነው ያለችው እሺ? ጭሷ ቤት ውስጥ ይገድላል።)

ለረጅም ጊዜ ስትቆም የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግተው ራሷ እስክትጠፋ ይተዉአት አልኳቸው። «ካንዴላውንስ?» አሉኝ።