ጉሮሮም መገጣጠሚያ አለው፦ የቁርጥማት ታማሚን ድምፅ የምመረምርበት መንገድ

ፒያሳም ይሁን አራት ኪሎ፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው መድኃኒት ቤት ነው። «ቶንሲል ነው» ይባልና አሞክሳሲሊን ይዞ ይሄዳል። ብሩን የሚቆጥሩት ጣቶች አንጓቸው ማበጡን ልብ የሚል የለም። ሩማቶይድ አርትራይተስ ባለበት ሰው ላይ፣ ማለትም ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን በሚያጠቃበት የቁርጥማት ዓይነት፣ ድምፅ ሲበላሽ የምከተለው አካሄድ አሁን ያለውን መልክ የያዘው እየተሳሳትኩ ነው።

ማንቁርት ውስጥ ክሪኮይድ የሚባል ቀለበት መሰል ለስላሳ አጥንት አለ። በኋለኛው ጠርዙ ላይ አሪቴኖይድ የሚባሉ ሁለት ትንንሾች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። እነሱ ሲዞሩና ሲንሸራተቱ የድምፅ አውታሮች ለትንፋሽ ይከፈታሉ፣ ለንግግር ይገጥማሉ። መጋጠሚያቸው ከውስጥ እንደ ጉልበትና እንደ ጣት አንጓ ባለ ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ በሽታው የሚያጠቃው ደግሞ ያንኑ ሽፋን ነው።

ስለዚህ መጠየቅ የምጀምረው ከጣት ነው። «እናቴ፣ ጠዋት ጣትዎ እስኪፍታታ ምን ያህል ይቆያል? ድምፅዎስ አብሮ ይፍታታል?» የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ የሚመለስበት ሰውም ጠዋት ጠዋት ይጎረንናልና ስለ ድምፅ ብቻ መጠየቅ ያሳስታል። ሲውጡ የተሰነቀረ ነገር ያለ መምሰሉን፣ ወደ ጆሮ የሚወጋ ሕመም መኖሩንም እጠይቃለሁ። ጆሮው ታይቶ ጤነኛ ከሆነ ሕመሙ ከማንቁርት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሰዓት ይዤ አየር በደንብ ስበው በአንድ ትንፋሽ «አ» እንዲሉ አደርጋለሁ፤ 3 ጊዜ፣ የረዘመውን እመዘግባለሁ። ጤነኛ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ 15 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ከ10 በታች ሲሆን አየር እያመለጠ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሩማቶይድ ሳንባንም ስለሚነካ ግን ቁጥሩን ብቻውን አላምነውም።

ትልቁ ስህተቴ ድምፁን እያዳመጥኩ ትንፋሹን አለማዳመጤ ነበር። ሁለቱም አውታሮች መሃል ላይ ተቀራርበው መንቀሳቀስ ካቆሙ ድምፁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የጠበበው የአየሩ መንገድ ነው። አሁን ከ1 እስከ 20 ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አድርጌ አየር የሚስቡበትን ቅጽበት አደምጣለሁ። ወደ ውስጥ ሲስቡ የሚያፏጭ ወይም የሚሻክር ድምፅ ካለ፣ በተለይ ሌሊት የሚያፍን ከሆነ፣ ሌላውን ምርመራ ትቼ ወደ ድንገተኛ ክፍል እልካለሁ። እንቅልፍ ይረዳል ተብሎ ማስታገሻ መስጠት እዚህ ላይ አደገኛ ነው።

በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ሲታይ፣ በሽታው ሲነሳ አሪቴኖይዱ ቀልቶና አብጦ ይገኛል። በቆየው ላይ ግን ሁሉም ነገር ረጋ ያለ ይመስላል፤ አውታሩ ብቻ አይንቀሳቀስም። እዚህ ጋ ከነርቭ ሽባነት ጋር መምታታት ይመጣል። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ጠባሳ አንገት ላይ ካለ ጥፋቱን ሁሉ ለተነካው ነርቭ መስጠት ይቀላል። የሚለየው በማደንዘዣ ውስጥ አሪቴኖይዱን በመሣሪያ ገፋ በማድረግ ነው፦ ከተንቀሳቀሰ ወደ ነርቭ እናዘነብላለን፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ አልነቃነቅ ካለ ችግሩ መገጣጠሚያው ነው። በስሱ ተከፋፍሎ የሚነሳ ሲቲ ስካንም የተበላውን አጥንት ሊያሳይ ይችላል።

ሌላው አሳሳች ነገር አውታሩ መካከል ላይ አግድም የሚታይ ቢጫማ ነጭ ጉብታ ነው፤ የቀርከሃ አንጓ ስለሚመስል በዚያው ስም ይጠራል። በሩማቶይድ፣ እንዲሁም እንደ እሱ ሰውነት ራሱን በሚያጠቃባቸው በሉፐስና በሾግረን ሕመሞች ይታያል። የዘፋኝና የመምህር ጉብታ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ላይ፣ የፊተኛው ሲሶ ከመካከለኛው በሚገናኝበት ነው። የቀርከሃውን በድምፅ ዕረፍት ብቻ አክመው ለወራት የሚጠብቁ አሉ። በነገራችን ላይ ማንሾካሾክ ዕረፍት አይደለም፤ ብዙዎች ሲያንሾካሹኩ ማንቁርታቸውን ያጨናንቃሉ።

የድምፅ ልምምድ መገጣጠሚያውን አያድንም፤ ዋናው ሕክምና የሩማቶሎጂው፣ ማለትም የቁርጥማት ሐኪሙ ነው። እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው፦ በበጋው ደረቅ አየር ውኃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት፣ ቡና ሲፈላ ከዕጣኑ ጭስ ራቅ ማለት።

ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የቁርጥማት መድኃኒት ለሚወስዱ ግን አንድ ነገር ሳላረጋግጥ አላሰናብትም። ለቁርጥማት የሚወሰደው በሳምንት 1 ቀን ነው። በየቀኑ በስህተት መዋጥ ሊገድል ስለሚችል ቀኑን ካርቶኑ ላይ በትልቁ አጽፋለሁ። አፍ ቆስሎ ጉሮሮ ካመመ የድምፅ ጉዳይ ነው ብዬ አልቆይም፤ መድኃኒቱን ላዘዘው ሐኪም በዚያው ቀን አሳውቄ የደም ምርመራ እንዲደረግ አስደርጋለሁ።

ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቃቸው በኪስ የሚያዝ ወረቀት እሰጣለሁ። ሩማቶይድ ያለበት ሰው ላይኞቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች ልል ሊሆኑ፣ መንጋጋው በደንብ ላይከፈት፣ ማንቁርቱም ጠቦ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ለማደንዘዣ ባለሙያው የሚናገረው ይህን ነው፦ አንገቱ ሳይመረመር አይታጠፍ፣ አነስ ያለ ቱቦ ይዘጋጅ፣ ቱቦው ከወጣ በኋላም ትንፋሹ ይደመጥ።