ዶፕልቦክን ቤት ውስጥ መጥመቅ፦ ዋናው ሥራ እርሾው ላይ ነው

ዶፕልቦክ በብርድ የሚብላላ (ላገር) ጠንካራ የሙኒክ ቢራ ነው። አው በሚባለው ሰፈር ገዳም የነበራቸው የፓውላነር መነኮሳት በዐቢይ ጾም ወራት አቅም የሚሰጥ ወፍራም ቢራ ይጠምቁ ነበር፤ ፓውላነር ፋብሪካም ዘመኑን የሚቆጥረው ከ1634 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ከእነሱ «ሳልቫቶር» ቢራ በኋላ የመጡትም «ሴሌብራቶር»፣ «ኦፕቲማቶር» እያሉ በ«ቶር» የሚያልቅ ስም አወጡ። ጀርመን ውስጥ ይህ ቢራ ገና ሳይብላላ ዎርቱ (ከብቅሉ የተጣራው ጣፋጭ ፈሳሽ) ቢያንስ 18 ዲግሪ ፕላቶ (በመቶ የሚቆጠር የስኳር መጠን) መሆን አለበት። አልኮሉም ብዙውን ጊዜ ከ7 በመቶ ይበልጣል።

ብዙ ጠማቂ ዶፕልቦክን ጣፋጭ ቢራ ነው ብሎ ይነሳና ካራሜል ብቅል ይከምርበታል። ውጤቱ ግማሽ ብርጭቆ ላይ የሚሰለች መጠጥ ነው። ጥሩ ዶፕልቦክ የዳቦ ቅርፊት የመሰለ የብቅል ጣዕም አፍ ይሞላል፤ ከተዋጠ በኋላ ግን ምላስ ላይ ስኳር አይቀርም። ያን ጣዕም የሚሰጠው ሙኒክ ብቅል ነው። ሙኒክ ብቅል መጨረሻ ላይ በ100 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ስለሚደርቅ ጣዕሙም ቀለሙም እዚያው ይፈጠራል፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ የጠላ ብቅል ሊተካው አይችልም። አሻሮም አይገባበትም፤ የተቆላ እህል የሚያመጣው የቡና ምሬት የዚህ ቢራ ጠላት ነው።

ለ20 ሊትር ቢራ፣ የመነሻ ግራቪቲው (ከመብላላቱ በፊት ዎርቱ ከውሃ አንጻር ያለው ጥግግት) 1.076 እንዲሆን፦

- ጠቆር ያለው ሙኒክ ብቅል (ሙኒክ 2)፦ 5.5 ኪሎ
- ፒልስነር ብቅል፦ 2.5 ኪሎ
- ገለባው የተነሳለት ጥቁር ብቅል (ካራፋ ስፔሻል)፦ 80 ግራም፣ ለቀለም ብቻ
- ሃለርታው ሚተልፍሩ ሆፕስ (ምሬት የሚሰጠው አበባ)፣ አልፋ አሲዱ (የምሬቱ ምንጭ) 4 በመቶ የሆነ፦ 65 ግራም
- ደረቅ የላገር እርሾ፣ ደብሊው 34/70፦ ከ4 እስከ 5 ፓኬት
- ውሃ፦ 36 ሊትር

ሂሳቡ የተሠራው ከብቅሉ ስኳር 68 በመቶው ይወጣል ተብሎ ነው። በቀላል ቢራ 75 በመቶ ለምታወጡም ቢሆን እዚህ ላይ በ68 አስሉ። 8 ኪሎ ብቅል ስትደፍኑ ለማጠቢያ የሚተርፈው ውሃ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ስኳሩ ብቅሉ ውስጥ ይቀራል። ለጥንቃቄ 300 ግራም ደረቅ የብቅል ዱቄት (ኤክስትራክት) አስቀምጡ፤ በ22 ሊትር ዎርት ላይ ግራቪቲውን በ5 ነጥብ ያህል (ለምሳሌ ከ1.071 ወደ 1.076) ከፍ ያደርገዋል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ለ36 ሊትሩ ሩብ ግራም ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት ጨምሩበት፤ ክሎሪኑ ካልተወገደ ቢራው የመድኃኒት ሽታ ያመጣል።

ብቅሉን በ22 ሊትር ሙቅ ውሃ ደፍኑትና ድፍድፉን 63 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ ያዙት። ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ5.3 እስከ 5.5 ይሁን። እዚህ ላይ ሙቀቱን 68 እና 69 ማድረስ የተለመደ ስህተት ነው፦ እርሾ የማይበላው ስኳር ይበዛና ቢራው 1.030 ላይ ይቆማል። የቢራው ውፍረት ይጎድላል ብላችሁ አትስጉ፤ 1.076 ላይ የተነሳ ዎርት በ63ም ተደፍኖ በቂ ውፍረት አለው።

ቀጥሎ የጀርመኖቹ ዘዴ ይመጣል። ከድፍድፉ ወፍራሙን ክፍል 9 ሊትር ያህል በሌላ ድስት ቀድታችሁ 71 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ አቆዩት፤ ከዚያ እንዲንተከተክ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ ቀቅሉት። ማማሰያው ከእጃችሁ አይለይ፤ ታችኛው ካረረ ሽታው እስከ ጠርሙስ ድረስ ይከተላችኋል። ወደ ዋናው ድፍድፍ ቀስ በቀስ ስትመልሱት አጠቃላይ ሙቀቱ ወደ 72 ይወጣል። 20 ደቂቃ ጠብቁና 76 አድርሳችሁ አጥልሉ፣ በቀሪው 14 ሊትር ውሃ እጠቡት። ይህን ቅቀላ መተው ይቻላል፤ ሙኒክ ብቅል ብቻውን ብዙውን ሥራ ይሠራል። ሆኖም የቅርፊቱን ጣዕም ጥልቀት የሚሰጠው እሱ ስለሆነ ለዚህ ቢራ ድካሙ ይገባዋል።

አዲስ አበባ ላይ የምትጠምቁ ይህን ልብ በሉ። ከተማው ከፍታ ላይ ስላለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የምትመልሱት ትኩስ ድፍድፍ የሚያመጣው ሙቀት ያንሳል፤ ስለዚህ 9 ሊትሩ አይበቃም፣ ወደ 11 ሊትር ቅዱ። ሆፕሱም በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ምሬቱን በሙሉ አይለቅም፤ ጥቂት ግራም ጨመር አድርጉ።

28 ሊትር ዎርት ሰብስባችሁ 90 ደቂቃ አፍሉ፣ ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ። ከፒልስነር ብቅል የሚመጣው የተቀቀለ በቆሎ ሽታ በእንፋሎት ይወጣል፤ ክዳን ከተደፋበት ግን ተመልሶ ይንጠባጠባል። ሆፕሱ የሚገባው 60 ደቂቃ ሲቀር ነው። ሃለርታው ከጠፋ 12 በመቶ አልፋ ያለው ማግኑም 22 ግራም ያንኑ ምሬት ይሰጣል። መጨረሻ ላይ ለሽታ ተብሎ የሚጨመር ሆፕስ የለም።

አሁን ወደ እርሾው። ለላገር የሚመከረው መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ዎርት፣ በአንድ ዲግሪ ፕላቶ 1.5 ሚሊዮን የእርሾ ሕዋስ ነው። በ20 ሊትርና በ18.5 ፕላቶ ሲባዛ 555 ቢሊዮን ይሆናል። 11.5 ግራም የሆነች አንዲት ፓኬት ይህን አትሸፍንም፤ 4 ወይም 5 ያስፈልጋል። ወጪው ከከበደ የተሻለ መንገድ አለ፦ መጀመሪያ 20 ሊትር ቀለል ያለ የሙኒክ ሄለስ (ነጣ ያለ ላገር) በ1.046 ጥመቁ። እሱ ተብላልቶ ሲገለበጥ ከሥሩ የቀረውን ነጣ ያለ ወፍራም እርሾ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ውሰዱና ለዶፕልቦኩ ጥንስስ አድርጉት። ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይም በሳምንት ውስጥ ይዋል። ሄለሱ የሚጠጣ ቢራ ነው፤ ጥንስሱ ደግሞ በነፃ ተገኘ ማለት ነው።

ዎርቱን 8 ዲግሪ እስኪደርስ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ በኋላ ነው እርሾ የሚገባው። በ20 ዲግሪ እርሾ ጨምሮ በኋላ ማቀዝቀዝ ፈጣን ጅምር ይሰጣል፤ ግን የፍራፍሬ ሽታና የሚያቃጥል አልኮል በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት ይወለዳል፣ ያን ደግሞ ምንም ያህል ማቆየት አያጠፋውም። ማቀዝቀዣ ቧንቧችሁ 20 ላይ ከቆመ ዎርቱን ዘግታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት ጨምሩ። ከጠርሙስ ወይም ከሄለስ የመጣ ፈሳሽ እርሾ ከሆነ ንጹሕ ኦክስጅን በደቂቃ 1 ሊትር ለ90 ሰከንድ ስጡት፤ ደረቅ እርሾ ይህን ያህል አይጠይቅም።

10 ዲግሪ ላይ ይብላላ። የሙቀት መለኪያው ጫፍ ማብላያው ዕቃ ጎን ላይ ተጣብቆ በስፖንጅ ይሸፈን። የፍሪጁን አየር ብቻ ከለካችሁ ቢራው ውስጡ በራሱ ሙቀት በብዙ ዲግሪ ሽቅብ ሄዶ ታገኙታላችሁ።

ግራቪቲው 1.032 አካባቢ ሲደርስ በቀን 2 ዲግሪ እያሳደጋችሁ ወደ 16 አምጡት። የቅቤ ሽታ የሚያመጣውን ዳያሴቲል እርሾው ራሱ መልሶ የሚበላው በዚህ ጊዜ ነው። ማለቁን በአፍንጫ አረጋግጡ፦ ትንሽ ቢራ በተከደነ ብርጭቆ 60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ አስቀምጡ፣ አቀዝቅዙና አሽቱ። የተነጠረ ቅቤ ከሸተተ ገና ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ጨምሩለት።

ማቆሚያው ከ1.018 እስከ 1.021 ነው። 1.020 ላይ ቢቆም አልኮሉ 7.3 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ በላይ ከቆመ አትገምቱ፣ አስቀድማችሁ የሠራችሁትን ናሙና ተመልከቱ፦ በመጥመቂያው ቀን 250 ሚሊ ሊትር ዎርት ለይታችሁ ብዙ እርሾ ጨምሩበት፣ ክፍል ሙቀት ላይ ሦስት ቀን ይብላላ። እሱ የቆመበት ቁጥር የዋናው ቢራ መጨረሻ ነው። ናሙናው 1.020 ደርሶ ቢራው 1.030 ላይ ካለ ጥፋቱ የእርሾ ነው፤ ሁለቱም 1.030 ካሉ የድፍድፉ ሙቀት በዝቶ ነበር፣ እርሾ ቢጨመርም ለውጥ የለም። እርሾው ደክሞ ከሆነ ደረቅ ፓኬት ቀዶ መበተን አይረዳም፤ አልኮል ውስጥ የገባ ደረቅ እርሾ ወዲያው ይዳከማል። 1 ሊትር ዎርት ጠንስሳችሁ አረፋው ሲንር፣ በትኩስነቱ ጨምሩት። ስትለኩም ሃይድሮሜትር (ቢራው ላይ የሚንሳፈፍ መለኪያ) ይሁን፣ ጋዙ በደንብ ወጥቶለት፣ በ20 ዲግሪ። ሪፍራክቶሜትር (በብርሃን የሚለካው) አልኮል ባለበት ያሳስታል።

ከዚያ በቀን 2 ዲግሪ እየቀነሳችሁ 0 ወይም 1 ላይ አድርሱት። ሲቀዘቅዝ ዕቃው አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ኤርሎኩን (ጋዝ የሚያስወጣውን መዝጊያ) አንስታችሁ በጠባብ ክዳን ዝጉት ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አገናኙለት። ኦክስጅን የገባበት ዶፕልቦክ በሁለት ወር ውስጥ የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያመጣል። ቆይታው 8 ሳምንት ነው። በ3ኛው ሳምንት ስትቀምሱት አልኮሉ ለብቻው፣ ብቅሉ ለብቻው ይሰማል፤ በ8ኛው አንድ ይሆናሉ።

በጠርሙስ ከሆነ ይህን ያህል በብርድ የቆየ እርሾ ጋዝ ለመሥራት አቅም የለውም። 2 ግራም አዲስ ደረቅ እርሾ በለብታ ውሃ አርሱና ለ19 ሊትር ቢራ 105 ግራም ስኳር ከተፈላበት ጥቂት ውሃ ጋር ጨምሩ። 18 ዲግሪ ላይ ሦስት ሳምንት ይቁም፣ ከዚያ ወደ ፍሪጅ። ሲቀዳ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ በታች የሙኒኩ ጣዕም አይሰማም።