ሩብ ዙር

ጎልድዊንግ የሚባለውን ትልቅ የሆንዳ ሞተር ሳይክል በሚነዱ ሽማግሌዎች ላይ ክፉ አልናገርም። እንጀራዬ ናቸው። የምሠራበት ጋራዥ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ስካይላይን ድራይቭ ከሚባለው የተራራ መንገድ ብዙም ሳይርቅ ነው። ብርዱ ሲያልፍ የሚመጣልን ሥራ አብዛኛው የወገብ ጣጣ ነው። ወንበር ይቀየርልን፣ መሪው ወደ እኛ ይምጣልን፣ የነጂ መደገፊያ ይገጠምልን። እኔ ሙያውን የለመድኩት አገር ቤት የግብርና ቢሮ ያማሃ ስጠግን ነው። ሦስት ሰው ጭኖ ጭቃ ለሚወጣ ሞተር መደገፊያ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ሞተራቸው የ2012 ጎልድዊንግ፣ 1832 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ክብደቱ ከ400 ኪሎ በላይ። ከኋላ ባለቤታቸው ይቀመጣሉ። የጎልድዊንግ የኋላ መቀመጫ መቼም ሶፋ ነው፤ የራሱ መደገፊያ አለው። ነጂው ግን ወገቡን የሚያሳርፍበት የረባ ነገር የለውም። ስለዚህ ሽማግሌው ከካታሎግ መርጠው አዘዙ፤ መግጠሙ ለእኔ ደረሰኝ።

መግጠሙ ከባድ አይደለም። ቡሎኖቹን በብሩጎላ፣ በዚያች ባለ ስድስት ጎን መፍቻ፣ ፈትተህ ወንበሩን ታነሳለህ፣ የብረት ሳህኑን ከሥር ታስራለህ፣ ቋሚው በሁለቱ መቀመጫዎች መሀል ይወጣል፣ ትራሱ እላዩ ላይ ይሰካል። ከትራሱ ጀርባ በእጅ የምትዞር ጥቁር ማዞሪያ አለች። ወደ ቀኝ ስትዞር ትራሱን ወደ ፊት ትገፋዋለች፣ ወደ ግራ ስትዞር ትለቀዋለች።

ሥራው ያለው ማስተካከሉ ላይ ነው። እኛ ጋ ደንበኛውን በጎን ስታንድ ባዘመመ ሞተር ላይ አስቀምጦ "ተመቸዎት?" የሚል መካኒክ አለ። ስሙን አልጠራም። እኔ ሞተሩን በመሀል ስታንድ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ሽማግሌውን የመንገድ ጃኬታቸውንና ቡትሳቸውን አስለበስኳቸው። ከኋላ ኪሳቸው የገንዘብ ቦርሳቸውን አስወጣሁ፤ እሱ ብቻውን ወገብ ያጣምማል። እጅ መሪው ላይ፣ ክርን ትንሽ እጥፍ። የትራሱ የታች ጠርዝ ከቀበቶው ከፍ ብሎ ጎድጓዳው ወገብ ላይ እንዲያርፍ አደረግኩ። በጣም ከቀረበ ሰውን ወደ መሪው ይገፋል፤ ከራቀ ደግሞ ካልተንጋለሉ አይደረስበትም። የወንበሩ ስፖንጅ ሲነዱ ቆይተው ስለሚሰምጥ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተውኩ። ሽማግሌው ደገፍ አሉና "እንዲህ ነው እንጂ!" ብለው ወጡ።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ።

"ጠዋት ስነሳ ልክ ነው" አሉ። "ወደ ማታ ግን ይገፋኛል።"

የሰርቪስ ኃላፊያችን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ይሰማል። እኔን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ "ልጁ ቡሎኑን አላጠበቀው ይሆናል። አሁን እናስተካክለዋለን" አለ።

ልጁ! ጸጉሬ ሸብቷል። ከእሱ በዕድሜ እበልጣለሁ። ግን የከነከነኝ እሱ አልነበረም። "አላጠበቀው ይሆናል" ሲል "ይሆናል" የምትል ቃል ነበረች። ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፍ ጠፋች። "ያልጠበቀ ቡሎን፤ ጠብቋል፤ ክፍያ የለም።" የሞተሩን ታሪክ የሚያይ መካኒክ ሁሉ በስሜ ሥር ተጽፎ ያነበዋል። ሞተሩን አስገብቼ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ የጥብቀቱን ልክ በሚለካው በቶርክ መፍቻ ሞከርኳቸው። ንቅንቅ ያለ የለም። ይህንኑ ነገርኩት። "በቃ፣ አሁን ጠብቋል አይደል?" አለኝ።

ጠብቆ የነበረውን ነገር ጠብቋል ማለት ውሸት አይደለም። አልመለስኩለትም። ትራሱን ወደነበረበት አመጣሁት፣ ቢጫ የቀለም ማርከር አነሳሁና ከየቡሎኑ ራስ እስከ ሳህኑ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። ቡሎን ሲላላ መስመሩ ይሰበራል። ማዞሪያዋም ላይ አንድ አሰመርኩ። ለደህንነት ነው ብዬ ነበር ለሽማግሌው። እውነቱን ለመናገር ለኃላፊው ነበር።

በሚቀጥለው ሲመጡ ከነባለቤታቸው ነው፤ ስካይላይን ድራይቭን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነድተው። መንገዱ 105 ማይል ነው፤ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም፤ ሸለቆውን ቆሞ ማያ ቦታው ወደ 70 ይጠጋል። ሽማግሌው ደግሞ ቆሞ ማየት ይወዳሉ። "ይገፋኛል" አሉ ገና ሄልሜት ሳያወልቁ። "ከመጀመሪያውም ብሷል።" ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገቡ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቡሎኖቹ ቢጫ መስመሮች ሁሉም ቀጥ ብለዋል። የማዞሪያዋ መስመር ግን ከቦታው የለም፤ ዞሮ ዞሮ ከሥር በኩል ወጥቷል። ቀና ስል ባለቤታቸው እያዩኝ ነው።

"እኔ ነኝ" አሉ በዝግታ።

"እርስዎ?"

"እሱ ሲደገፍ መደገፊያውን የሚደገፍ እንዳይመስልህ። እኔን ነው። ከኋላዬ የእኔ መደገፊያ፣ ከፊቴ የእሱ። እኔ መሀል ላይ ነኝ።" ሁለት ጣታቸውን አየር ላይ ወደ ቀኝ አዞሩ። "ሩብ ዙር። ወርዶ ፎቶ ሊያነሳ ሲሄድ። አንዳንዴም ኩርባ ላይ።"

"ለምን አይነግሯቸውም?"

"ነገርኩት እኮ! ሄልሜታችን ውስጥ ማይክራፎን አለ፤ ይሰማኛል። የሚመልስልኝ ስለ ተራራው ነው።"

እዚህ ላይ ነው ልቤ የተከፈለው። ከፋዩ ሽማግሌው ናቸው። ትክክለኛዋ ደግሞ እሷ ናት። እኔም ስገጥም ነጂውን ብቻ ነበር የለካሁት፤ የጋራዡ ሥራ ትእዛዝም የሚለው እሱን ነው። የኋላ ሰው ጉልበት የት እንደሚገባ የሚጠይቅ ቅጽ የለንም።

ሽማግሌው እጃቸውን እያደራረቁ ወጡ። "አገኘኸው?"

ሴትየዋ ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ። እኔም "ማዞሪያዋ ናት። በንዝረት ትዞራለች" አልኩ።

ጎልድዊንግ በንዝረት! ባለቤቶቹ ሳንቲም በጠርዙ እየሠራ ባለው ሞተር ላይ አቁመው የሚፎክሩበት ነው። ሽማግሌው ትንሽ አዩኝ። ባለቤታቸውንም አዩ። "እንግዲያው የማትዞር አድርግልኝ" አሉ።

አደረግኩ። ማዞሪያዋን አውጥቼ በምትኩ ራሱ ለብሩጎላ የተቦረቦረ ቡሎን አስገባሁ። በጣት አይዞርም። ቡሎን እንዳይላላ የሚያደርገውን ማጣበቂያ፣ ሎክታይትም ቀባሁት። ሎክታይት እንግዲህ ሰማያዊ አለ፣ ቀይ አለ። ቀዩ ከደረቀ በእሳት ካልሆነ እሺ አይልም፤ ሰማያዊው በእጅ መፍቻ ይፈታል። ሰማያዊውን ቀባሁ። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ትራሱንም ሳቆመው ከሁለቱ ፍላጎት መሀል ላይ አቆምኩት። ቢጫ መስመሬንም አሰመርኩ።

ለኃላፊው የሆነውን ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ። "ያልጠበቀ ቡሎን" የሚለውን ግን አላጠፋም፤ ሲስተሙ አይፈቅድም አለኝ። ዛሬ ታሪኩን ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ ያወራዋል። በእሱ አተራረክ ማዞሪያዋን ያየው እሱ ነው፤ ሎክታይቱም ቀይ ሆኗል።

ሽማግሌው ሒሳብ ሲከፍሉ ባለቤታቸው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። የአዲሱን ቡሎን ራስ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

"ይቺ ስንት ቁጥር ነው የምትፈልገው?"

"6" አልኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ለጎማ መጡ። ሽማግሌው ከመውረዳቸው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። "መደገፊያው እንዴት ያለ ሆነ መሰለህ! ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም።" ባለቤታቸው የጎማ መደርደሪያውን እያዩ ነበር። ጎማውን ለማውጣት ስጎነበስ ቡሎኑን አየሁት። ቢጫው መስመር ለሁለት ተከፍሏል፤ ትራሱም ከተውኩበት በደንብ ወደ ፊት ሄዷል።

የጎማ ብቻ ጻፍኩላቸው።