ቀለሙን ተዉትና አበላሉን እዩ

በዚህ ሰሞን ከአንድ ትልቅ መንጋ መሀል ከርሊው ሳንድፓይፐር የሚባለውን ትንሽ የባሕር ዳር ወፍ ብቻዬን ለይቼ አወጣሁ። ማንም አልጠቆመኝም፤ ፎቶም አላነሳሁም። ባሕር ዳር ወፍ የምታዩ ሰዎች ደስታዬ ይገባችኋል። ገና ለጀመራችሁት ደግሞ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚሁ ጋ ነውና።

መጀመሪያው ቀላል ነው። ፍላሚንጎና ፔሊካን መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። ኦይስተርካቸር በረጅም ቀይ ምንቃሩ ከሩቅ ይታወቃል። ተርንስቶንም ጠጠርና የባሕር አረም እየገለበጠ ሲበላ ካያችሁት አይጠፋችሁም። በእነዚህ ተደሰቱ፣ ግን ብዙ አትቆዩባቸው።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። 8 በ42 ባይኖኩላር ይበቃል። 8 እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርበውን የሚመክሩ አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። ባሕር ዳር ነፋስ አይጠፋም። ምስሉ በጎላ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል። ቴሌስኮፕ ለኋላ ይቆይ። ሞቃት ቀን ላይ ከጭቃው የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ያኔ ውድ የተባለውም ቴሌስኮፕ አያድንም። ማለዳ ውጡ፣ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ።

ከመሣሪያ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ማወቅ ነው። በአብዛኛው ዳርቻ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ባሕሩ ሲጎድል ወፎቹ ሰፊው ጭቃ ላይ ተበትነው ነጠብጣብ ይሆኑባችኋል። ሞልቶ ሲያበቃ ደግሞ ተጠጋግተው ያርፋሉ። ስለዚህ እኔ ሙላቱ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው እደርሳለሁ። ውኃው ራሱ እየገፋ ያመጣቸዋል። እናንተ ወደ እነሱ አትሂዱ። ጭቃው ውስጥ ርቆ የገባ ሰው ውኃው በቦዮቹ በኩል ከኋላው ዞሮ ሊዘጋበት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት ልግባ፤ ትንንሾቹ ግራጫዎች።

በመራቢያ ወራት እነዚህ ወፎች በደንብ ይለያያሉ። ደንሊን ሆዱ ላይ ጥቁር ምልክት ያወጣል። ከርሊው ሳንድፓይፐር ከደረቱ እስከ ሆዱ ይቀላል። ችግሩ ግን የሚራቡት እዚያ ሩቅ ሰሜን፣ አርክቲክ አካባቢ መሆኑ ነው። አብዛኞቻችን የምናገኛቸው ከዚያ ወርደው፣ ላባቸውን ቀይረው ነው። ያኔ ሁሉም ከላይ ግራጫ፣ ከታች ነጭ ናቸው። መጽሐፉን ገልጬ ሥዕሉን ከወፉ ጋር ሳስተያይ ስንት ማለዳ አልፎብኛል። አንዱ ወፍ አራቱንም ሥዕል ይመስላል። ያበሳጫል።

መላ ያገኘሁት መጽሐፉን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ቁጭ ስል ነው። አንድ ወፍ መርጬ እሱን ብቻ ማየት ጀመርኩ። የት ይቆማል? እንዴት ይበላል? ጭንቅላቱን መቼ ያነሳል?

በመጀመሪያ ሁለቱ የባሕር ዳር ወፍ ወገኖች፣ ፕሎቨሮቹ ከሳንድፓይፐሮቹ ተለዩልኝ። ፕሎቨር ዓይኑ ትልቅ፣ ምንቃሩ አጭር ነው፤ የሚያድነውም በዓይኑ ነው። ይሮጣል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ያያል፣ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። ከዚያ እንደገና ይሮጣል። ሳንድፓይፐር ግን ምንቃሩን ጭቃ ውስጥ እየሰካ ይዳስሳል። የምንቃሩ ጫፍ በነርቭ የተሞላ ስለሆነ ያላየውን ትል ይደርስበታል።

ከዚያ በኋላ ሳንድፓይፐሮቹም እርስ በርስ ይለያሉ። ደንሊን ጎበጥ ብሎ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ቶሎ ቶሎ ይወጋል። ሳንደርሊንግ አሸዋው ላይ ነው፤ ሞገዱ ሲሸሽ ተከትሎ ይወርዳል፣ ሲመለስ ሮጦ ያመልጣል። ቀረብ ካለላችሁ እግሩን እዩ፤ የኋላ ጣት የለውም። ሊትል ስቲንት ከሁሉም ያንሳል፤ ብዙ ሳይወጋ ከላይ ከላይ እየለቀመ ይፈጥናል።

ከርሊው ሳንድፓይፐሩ ደንሊኖቹ ከሚበሉበት እርጥብ ጭቃ አለፍ ብሎ ውኃው ውስጥ ነበር። ውኃው ሆዱን ይነካዋል። ምንቃሩን ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቱንም እስከ ዓይኑ ድረስ እየነከረ ይበላል። ቀና ሲል አንገቱ ረዘም ያለ ነው፤ ምንቃሩም ጫፉ ላይ ብቻ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ጎበጥ ይላል። ጠረጠርኩ፤ ግን ጠበቅኩ። መንጋው ሲነሳ ከጅራቱ በላይ ንጹህ ነጭ ታየኝ። ደንሊን እዚያ ቦታ ላይ መሀል ለመሀል ጥቁር መስመር አለው። በቃ፣ እሱው ነው!

ስለ ስልክ መተግበሪያ ትጠይቁኛላችሁ። መርሊን የሚባለውን የወፍ መለያ መተግበሪያ ለድምፅ እወደዋለሁ። ከሩቅ የተነሳ ግራጫ ወፍ ፎቶ ሰጥቶ ስም መጠበቅ ግን ዓይንን ያሰንፋል፤ ጀማሪ ባይለምደው እመርጣለሁ።

ሌላው የምጠላው ነገር የበረራ ፎቶ ለማግኘት መንጋን ሆን ብሎ ማስነሳት ነው። በ2022 ባር-ቴይልድ ጎድዊት የሚባል አንድ ገና ያልጎለመሰ የባሕር ዳር ወፍ ከአላስካ ተነስቶ 13,560 ኪሎ ሜትር ያለ እረፍት በርሮ ታዝማኒያ ገብቷል፤ 11 ቀን ፈጅቶበታል። ያን ሁሉ መንገድ የሚሄደው ጭቃው ላይ በልቶ ባጠራቀመው ስብ ነው። በከንቱ ባስነሳነው ቁጥር ከዚያ ስንቅ እየቀነስንበት ነው። ወፎቹ መብላት አቁመው አንገታቸውን ቀና ካደረጉ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሁሉንም ለየሁ ማለቴ አይደለም። ማስታወሻዬ ላይ «ትንሽ ሳንድፓይፐር» ብቻ ተብሎ የቀረ ብዙ መስመር አለ፤ በግምት ከመጻፍ እሱ ይሻለኛል። ግሬተርና ሌሰር የሚባሉት ተመሳሳይ ሳንድ ፕሎቨሮች ደግሞ አሁንም ፈተና ሆነውብኛል። ግሬተሩ ምንቃሩና እግሩ ረዘም ይላል ይባላል፤ ሌሰሩ አጠገቡ ከሌለ ግን ከምን አንጻር ነው የሚረዝመው? ይባስ ብሎ ሌሰሩን በቅርብ ዓመታት ለሁለት ዝርያ ከፍለውታል። አበላላቸውም ያው የፕሎቨር ነው፤ የእኔ ዘዴ እዚህ ላይ አልሠራም። ብቻውን የቆመ ሳንድ ፕሎቨር በምን እንደሚለይ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።