ከጠረጴዛው ሥር

ዛሬ ማምሻውን ልቤ ምንም አልይዝ ብሏል። መብራት አጥፍቶ መስኮት ላይ ማፍጠጥ ብቻ። የውጭው መብራት የቅርንጫፍ ጥላ መጋረጃው ላይ ጥሏል። ነፋስ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርገው ጥላው የለም፤ ብርሃኑም ቅርንጫፉም ግን እዚያው ናቸው። የጠፋው የሚይዘው ጨርቅ ነው።

ልሠራው ያሰብኩት ጠረጴዛ ትዝ አለኝ፤ ገጹ ላይ ምስል እንዲታይ ከሥሩ በፕሮጀክተር የሚበራ፣ እስከ ዛሬ ከወረቀት ያልወጣ። የጠረጴዛው ገጽ እንደ መጋረጃው ነው። ጥርት ያለ አክሪሊክ፣ ማለትም መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ፣ ብርሃኑን ሁሉ ያሳልፍና ምስል አያሳይም፤ የሚታየው ዓይን የሚወጋ የሌንስ ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ትሬሲንግ የሚባለው ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ይለጠፋል። አንድ ወረቀት ብቻ ከሆነ መሃሉ ላይ ደማቅ ቦታ ይቀራል፤ ራስዎን ባንቀሳቀሱ ቁጥር አብሮዎት ይሄዳል። ሁለት ሲሆን ይጠፋል፣ ግን ብርሃኑ ይደክማል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል። ወረቀቱ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ይጨማደዳል። አክሪሊኩን ራሱን በቁጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም ይቻላል፤ በክብ በክብ እንጂ በአንድ አቅጣጫ አይደለም፤ አለዚያ ጭረቱ ብርሃኑን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ክንድ የሚያርፍበት ስለሆነ ውፍረቱ ከ8 ሚሊ ሜትር ባያንስ።

ጥቁርስ? ፕሮጀክተር ጥቁር አይልክም፤ የሚችለው ብርሃን አለመላክ ነው። ጥቁር ብለን የምናየው የገጹን የራሱን ቀለም ነው። ከጠረጴዛው ሥር ፕሮጀክተሩን የሚይዘው ሳጥን ውስጡ የማያብረቀርቅ ጥቁር ካልተቀባ የባዘነው ብርሃን ከግድግዳው ነጥሮ ይመለስና ጥቁሩን አመድ ያደርገዋል።

ርቀቱ ነው ጉዱ። የፕሮጀክተሩ መመሪያ ርቀቱ የምስሉ ስፋት 1.5 እጥፍ ነው ካለ፣ 80 ሴንቲ ሜትር ለሚሰፋ ምስል 120 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያስፈልጋል። ጠረጴዛው ደግሞ ቁመቱ 75 ነው። ስለዚህ ጨረሩ በ45 ዲግሪ በተጋደመ መስተዋት ይታጠፋል፤ ከሌንስ እስከ መስተዋቱ መሃል 65፣ ከዚያ እስከ ገጹ 55። ጨረሩ የመስተዋቱ ሩቅ ጠርዝ ጋ ሲደርስ 53 ያህል ስለሚሰፋ መስተዋቱ 60 በ40 ቢሆን አይበዛም። ተራ መስተዋት የሚያንጸባርቀው ቅብ ከጀርባው ስለሆነ የፊቱ ብርጭቆም ትንሽ ያንጸባርቃል፤ 4 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ደብዛዛው መንታ ምስል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ ይወድቃል። ትልልቅ ሥዕል ላይ ማንም አያየውም፣ ጽሑፍ ላይ ግን ያናድዳል። መፍትሔው ቅቡ ፊቱ ላይ ያለ መስተዋት ነው፤ እሱ ደግሞ በጣት ከተነካ አለቀለት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። አብዛኛው ፕሮጀክተር ምስሉን ከሌንሱ መስመር ከፍ አድርጎ ስለሚጥል ምስሉ ከገጹ መሃል አይወድቅም። ያኔ መስተዋቱን ማዘንበል ይጀመራል፤ 1 ዲግሪ ሲያዘነብሉት ጨረሩ 2 ዲግሪ ይዞራል፣ አራት ማዕዘኑም እንደ ባልዲ አንድ በኩል ይሰፋል። መንካት ያለበት መስተዋቱ አይደለም፤ ፕሮጀክተሩ ከፍ ወይም ዝቅ ይበል። ቅርጹን በፕሮጀክተሩ ሜኑ ማስተካከልም ፒክሰል ይበላል። ከኋላ የሚታይ ምስል ይገለበጣል፣ አንድ መስተዋት ግን መልሶ ያቃናዋል፤ ስለዚህ በአንድ መስተዋት ሜኑው ላይ «ከኋላ» የሚለውን መምረጥ ጽሑፉን ግራ ቀኝ ያደርገዋል።

ማራገቢያው ሁለት ነው፣ 12 ሴንቲ ሜትር፤ አንዱ ከታች የሚያስገባ፣ ሌላው ፕሮጀክተሩ ሙቀት በሚተፋበት በኩል የሚያስወጣ። ፕሮጀክተሩ የተፋውን ሙቀት መልሶ ከሳበ በራሱ ይጠፋል።

ሁሉም ተሰልቶ አለ፣ እስከ ገመዱ ቀዳዳ። አሁን ወረቀቱን ሳገላብጠው ግን የትም ወንበር አልተሳለም። ከሥሩ መስተዋት ነው፣ ፕሮጀክተር ነው፣ ማራገቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ማይክሮሶፍት ያስተዋወቀው ሰርፌስ የተባለው በጣት የሚነካ የኮምፒውተር ጠረጴዛም ከሥሩ ሳጥን ነበር። ለመሆኑ እነሱ ጉልበታቸውን የት አደረጉት?