ናሙናው ከየት ይወሰድ?

ወደ ላቦራቶሪያችን የመጣው የምርመራ ትእዛዝ «የፒ53 ጂን ሚውቴሽን (ለውጥ)፤ ናሙና፦ ደም» ይላል። እኛ ጋ አይሠራም፤ ደሙ ተቀድቶ ውጭ አገር ነው የሚላከው። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም።

ትእዛዙን ይዛ የመጣችውን ልጅ ምንም አላመማትም። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ለዓመታት ያሠቃያቸው እናቷን ነው፤ ጣቶቻቸው ተጣመዋል። እሷ «በታመመ መገጣጠሚያ ውስጥ የጂን ሚውቴሽን ተገኘ» የሚል ነገር ስልኳ ላይ አንብባ እንቅልፍ አጥታለች። ልታገባ ነው፤ ለምወልዳቸው ልጆች አስተላልፋለሁ ብላ ፈርታለች። የላካት ክሊኒክም ለምን ብሎ ሳይጠይቅ የፈለገችውን ጽፎላታል።

ወረቀቱን ለአለቃችን አሳየኋቸው። ፓቶሎጂስት፣ ማለትም የሰውነት ናሙና መርምረው በሽታን የሚለዩ ሐኪም ናቸው። ወጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ሚውቴሽኑ የተገኘው ከምን ላይ ነው ይላል?»

«ከመገጣጠሚያ።»

«ታዲያ እኛ ከክንድሽ ደም ቀድተን ምን ልናገኝ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. እነ ጋሪ ፋየርስቲን የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኞችን የመገጣጠሚያ ሽፋን መረመሩ። ፒ53 ዲኤንኤው የተጎዳ ሴል ዝም ብሎ እንዳይራባ የሚያግድ ጂን ነው። እሱ ላይ ሚውቴሽን አገኙ። የእነዚያኑ ሰዎች ቆዳና ደም ሲያዩ ግን የለም! ኦስቲዮአርትራይተስ በሚባለው ሌላ የመገጣጠሚያ በሽታ በተጎዳ መገጣጠሚያም የለም። የለውጡ ዓይነት ራሱ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) የሚያመነጫቸው ናይትሪክ ኦክሳይድና የኦክስጅን ራዲካሎች የሚባሉ ኬሚካሎች የሚያደርሱት ዓይነት ጉዳት ነው። የብግነቱ እሳት እዚያው ያተመው ጠባሳ እንጂ ከእናት የመጣ አይደለም። ካንሰር ነው ማለትም አይደለም፤ ይህን የምለው ፒ53 ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው እሱን ስለሚያስብ ነው።

አለቃችን ግን ዝም ብለው አላጽናኗትም። የሚወረስም ነገር እንዳለ ነገሯት። ኤችኤልኤ-ዲአርቢ1 የሚባለው ጂን አንዳንድ ዓይነቶቹ በበሽታው የመያዝ ዕድልን ከፍ ያደርጋሉ። ያለው ሰው ሁሉ አይታመምም፤ ሲጋራ ሲጨመርበት ግን ይብሳል።

«ታጨሻለሽ?»

«ኧረ በስመአብ!»

«ጥሩ። እናትሽስ መድኃኒታቸውን በደንብ ይወስዳሉ?»

እዚህ ላይ ዝም አለች። ለካ እናትየው ሜቶትሬክሴቱን ተሽሎኛል ብለው ካቆሙ ቆይተዋል። መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ብግነት ደግሞ ሕመሙ ጋብ ስላለ ብቻ ጠፍቷል አይባልም።

አለቃችን ወደ ክሊኒኩ ደውለው ትእዛዙን አሰረዙ። ለልጅቷም የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታ) ሐኪም ስልክ ጻፉላትና ለምርመራው የያዘችውን ብር ለእናቷ ሕክምና እንድታውለው ነግረው ሸኟት።