ሬሳውን ማን ገነዘው?

የሠራሁበት የኮሜዲ ፊልም ቀረጻ ሱሉልታ ነበር፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ የጎጃም መንገድ ዳር። የፊልሙ መነሻ ሐሳብ ዛሬም ቢሆን ያስቀናኛል። እድሩ በስም መመሳሰል በሕይወት ያለ አባሉን ሞተ ብሎ ድንኳን ይጥልለታል፤ ለሚስቱም ብር ይሰጣታል። እሷ ብሩን ለተጠራቀመ የቤት ኪራይ ትከፍለዋለች። ሰውየው ተመልሶ «አለሁ» ካለ ብሩን መመለስ አለበት፤ ዝም ካለ ደግሞ ከቤት መውጣት አይችልም።

ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ብረት ድስቱን ያከራየን የሰፈሩ እድር ነው። ጸሐፊው ዕቃው እንዳይጎድል አብረውን ዋሉ። ዳይሬክተሩ ለተዋንያኑ ታሪኩን ሲያስረዳ ሰምተው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ሬሳውን ማን ገነዘው?»

«ሬሳ የለም ጋሼ፤ ሰውየው አልሞተም እኮ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ታዲያ ማን ቀበረ? እኛ ቀብር ላይ ስም እንጠራለን፤ የቀረ ይቀጣል። ቀብር ከሌለ ገንዘብ ያዡ በምን አምኖ ይከፍላል?»

«ጋሼ፣ ኮሜዲ ነው።»

«ይሁና። እድርተኛው ግን እድርተኛ ነው።»

ዳይሬክተሩ ተናደደ። መፍትሔውን ያመጡት ግን ራሳቸው ጸሐፊው ናቸው፤ መርዶ ይሁን አሉ። ሰውየው ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል፤ መሞቱ በስልክ ተነገረ፤ ሬሳ በሌለበት ድንኳን ተጣለ። ለዚህ የተጨመረው የስልክ ትዕይንት 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ፊልሙን የተሸከመው ግን እሱ ነው።

ተመልካች መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ ውሸት ያለ ክርክር ይቀበላል፤ ሁለተኛውን አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የሃሮልድ ሬሚስ «ግራውንድሆግ ዴይ» ላይ አንድ ሰው ያንኑ ቀን ደጋግሞ ይኖራል፤ ፊልሙ ቀኑ ለምን እንደሚደጋገም አንዴም አይናገርም። ሰውየው ግን እስኪላቀቅ ድረስ ሁሌም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እዚያው አልጋ ላይ ይነቃል። ምክንያቱን ባናውቅም ሕጉን እናውቃለን፤ የምንስቀውም ሕጉን ስለምናውቅ ነው።

የእኛው ፊልም እስከ 50ኛው ደቂቃ ሕጉን ጠብቋል። ሰውየው በመጋረጃ ቀዳዳ የራሱን ለቅሶ ሲያይና የማይወደው ጎረቤቱ ከሁሉ በላይ ሲያለቅስለት በጣም ያስቃል። ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው ፀሐይ ላይ ገበያ ይወጣል፤ ከነርስ ጋር ፍቅር ይጀምራል፤ በመጨረሻም ሌቦች በሞተር ያሳድዱታል። ዕዳውን የሚያነሳ የለም። ዕዳው ከተረሳ መደበቁ ምን ያደርጋል? መሄጃው እኮ ከለቅሶው ውስጥ ተሰጥቶ ነበር፦ ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። በየደረጃው ድግሱ ይመጣል፤ ወጪው ይጨምራል፤ ውሸቱን የሚያውቀው ሰው ይበዛል። ተዝካሩን የሚከፍለው ራሱ ሟቹ መሆኑ ብቻ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ፊልሙ ከሰልስቱ አላለፈም።

ሌላው ጉዳት ድምፅ ነው። የሱሉልታ ንፋስ የድንኳኑን ሸራ ሲመታው ማይኩ ውስጥ የሚገባው ጥፊ የሚመስል ድምፅ ነው፤ ንግግሩን አጣርቶ ማውጣት አይቻልም። ሸራውን በገመድ ወጥሮ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል መኪና አቁሞ ከልሎ መቅረጽ ይቻል ነበር። ይህ ስላልተደረገ የለቅሶው ትዕይንት ንግግር ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ተቀዳ። ለድራማ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። ኮሜዲ ላይ ግን ተዋናዮቹ አንድ በአንድ ሲቀዱ መነጣጠቁ ይጠፋል፤ አንዱ ሌላው ቃሉን ሳይጨርስ የሚገባበት ቦታ በተራ መናገር ይሆናል።

ኤዲቲንግ ላይ የተቻለው ጥቂት ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም በተቀረጸ ምስል፣ ከቀልዱ በኋላ ከተናጋሪው ይልቅ የሰሚው ፊት ላይ 12 ፍሬም ያህል ቆየን። ሳቅ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ሁለት ሰከንድ ያለ ንግግር ተውን፤ አለዚያ አዳራሹ ሲስቅ ቀጣዩ ቃል ይዋጣል። ገበያውን ቆርጠን አወጣን፤ የነርሷን ፍቅር በግማሽ አሳጠርን።

ማሳደዱም ይውጣ ብዬ ጻፍኩ፤ ከነምክንያቱ፣ በደቂቃና በሰከንድ። ፕሮዲውሰሩ ለሦስት ሞተር ኪራይ ብር ወጥቶበታል አለ፤ 14 ደቂቃ የሚፈጀው ማሳደድ ሳይነካ ፊልሙ ሲኒማ ገባ።